ጥፋቱ የማን ነው?

አንዳንዶቻችሁ «ናኒ» የሚለውን አስፈሪ ፊልም በሞባይል አይታችሁት ይሆናል። ወላጆቿ ከሴራሊዮን የሆኑት ኒክያቱ ጁሱ የሠራችው ሲሆን፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሰንዳንስ ፌስቲቫል ትልቁን የዳኞች ሽልማት አግኝቷል።

ታሪኩ የእኛው ነው። አይሻ ልጇን ሴኔጋል ትታ ኒውዮርክ ውስጥ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። ልጇን ለማስመጣት ገንዘብ ታጠራቅማለች፤ ማዳሟ ግን ደሞዟን ዛሬ ነገ እያለች ታጉላላታለች። ማሚ ዋታ የምትባል፣ እኛ ዛር እንደምንለው ያለች የውኃ መንፈስም ትታያታለች። በመጨረሻ ልጁ እዚያው አገሩ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ መሞቱን ትሰማለች።

እዚህ ጉበይራ የፊልሙ ወሬ ሲነሳ ብዙ የምሰማው «ልጇን ጥላ ምን አስኬዳት?» የሚል ነው። ለማዳሟ እንኳ «እሷም ባሏ ቤት አይገኝ፣ ምን ታድርግ» ተብሎ ይታዘንላታል።

እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ፍርድ ከፍርሃት የመጣ ነው። አይሻ ጥፋተኛ ከሆነች፣ «እኔ እንደሷ ስላልሆንኩ አይደርስብኝም» ብለን እፎይ እንላለን። ግን ከመካከላችን ልጇን ለእናቷ ወይ ለእህቷ ሰጥታ የመጣች ስንቷ ናት? የመጣችውም ልታበላው ነው። የማዳሟ ሐዘን እውነት ይሁን፤ ቢሆንም የሰው ላብ አይከፍልም። ያቺ የምንፈራት መንፈስ እንኳ የማንንም ደሞዝ አልያዘችም።

እህቶቼ፣ የአንዷን ክፉ ወሬ ስንሰማ «ምን አድርጋ ነው?» ማለት ይቀናናል። እስቲ መጀመሪያ «ምን አደረጓት?» ብለን እንጠይቅ። ነገ ወሬው የእኛ ሲሆን የሚጠቅመን ጥያቄ እሱ ነው።