በሽታውን የደበቀው ማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። ተረቱ የሚወቅሰው ሕመምተኛውን ነው። ደባቂው ሐኪሙ ሲሆንስ? ደባቂው መንግሥት ሲሆንስ? ይህ ጥያቄ በአእምሮዬ መመላለስ የጀመረው እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 2024 በብሪታንያ ይፋ የሆነውን የተበከለ ደም አጣሪ ጉባኤ ሪፖርት ከተመለከትኩ ወዲህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሄሞፊሊያ ነው። በደማችን ውስጥ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ፣ ፋክተር የሚባሉና በቁጥር የሚጠሩ ፕሮቲኖች አሉ። ስምንተኛው ወይም ዘጠነኛው ጎድሎት የተወለደ ልጅ ደሙ በቀላሉ አይቆምም። የበለጠ የሚያሠቃየው ደግሞ በጉልበቱና በክርኑ ውስጥ እየፈሰሰ መገጣጠሚያውን የሚያበላሸው ደም ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካዊቷ ጁዲት ፑል በረዶ የሆነ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከሥር የሚቀረው ዝቃጭ በፋክተር ስምንት የበለጸገ መሆኑን ደረሰችበት። ይህ ክራዮ የተባለው ዝቃጭ ከጥቂት ለጋሾች ደም የሚዘጋጅ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ኮንሰንትሬት ግን በብልቃጥ የታሸገ ዱቄት ሆነ። በውሃ በጥብጦ እቤት መወጋት ተቻለ። ልጁ ትምህርት ቤት ዋለ፤ እናቱም እንቅልፍ አገኘች።

ዳሩ ግን ዱቄቱ የሚሠራው የብዙ ሺህ ሰዎች ፕላዝማ በአንድነት ተቀላቅሎ ነው። ከሺዎቹ አንዱ ቢታመም በሽታው በመላው ድብልቅ ሊሰራጭ ይችላል። ከአሜሪካ ይገባ የነበረው ደግሞ ደማቸውን በገንዘብ ከሚሸጡ ሰዎች፣ ከእስረኞችም ጭምር የተሰበሰበ ነበር።

በጁላይ 1982 የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ኋላ ኤድስ በተባለው ሕመም የተያዙ ሦስት የሄሞፊሊያ ሕሙማን መገኘታቸውን አስታወቀ። በሜይ 1983 የእንግሊዝ የተላላፊ በሽታዎች ክትትል ማዕከል ኃላፊ ዶክተር ስፔንስ ጋልብሬዝ ከ1978 በኋላ በአሜሪካ ከተለገሰ ደም የተሠራው ኮንሰንትሬት ከአገልግሎት እንዲወጣ ለጤና መሥሪያ ቤቱ ጻፉ። ምክራቸው ተቀባይነት አላገኘም። ሹማምንቱም በሽታው በደም ውጤቶች እንደሚተላለፍ «የተረጋገጠ ማስረጃ የለም» ማለታቸውን ቀጠሉ። በብሪታንያ 1,250 ያህል የደም አለመርጋት ሕሙማን ኤችአይቪ ያዛቸው፤ ከእነርሱ 380 ያህሉ ልጆች ነበሩ። ትሬሎር በተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ከ1970 እስከ 1987 ከተማሩት 122 የሄሞፊሊያ ሕሙማን መካከል ሪፖርቱ ሲወጣ በሕይወት የነበሩት 30 ያህል ብቻ ናቸው። ሕሙማን ሳያውቁ ደማቸው ለኤችአይቪ ተመርምሮ ውጤቱ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ተደብቆባቸዋል።

ለዚህ ሁሉ የቀረበው መከላከያ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። «ሕመምተኛው እንዳይደነግጥ፤ ፈርቶ መድኃኒቱን ቢተው ደሙ ፈስሶ ይሞታል» የሚል ነው። እኛስ ክፉ በሽታ የያዘውን ሰው «ደህና ነህ፣ አይዞህ» እያልን አናስታምምም? መርዶ ለመንገር ጎህ እስኪቀድ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ አንጠብቅም? ይህን ልማድ እንደ ኋላቀርነት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። መርዶ የሚጠብቀው ሰው ብቻውን እንዳይወድቅ ተብሎ ነው፤ በውስጡ ትልቅ ርኅራኄ አለ።

ነገር ግን መርዶ የሚነገረው ስላለፈ ነገር ነው። የሞተው ሞቷል፤ ሐዘንተኛው ሌሊቱን ባለማወቁ የሚያመልጠው ምርጫ እምብዛም የለም። የብልቃጡ አደጋ ግን ገና ሊመጣ ያለ ነገር ነበር። ሕመሙ ቀለል ያለለት ሰው ቢነገረው ከ1977 ጀምሮ የታወቀውን ዴስሞፕሬሲን መጠየቅ፣ ወደ ክራዮ መመለስ፣ አጣዳፊ ያልሆነ ቀዶ ሕክምናን ማስተላለፍ ይችል ነበር። ሕመሙ የጠናበት ደግሞ አደጋውን አውቆ ዱቄቱን ሊመርጥ ይችል ነበር፤ ያኔ ምርጫው የራሱ ይሆን ነበር። ውጤቱ የተደበቀበት ባልስ? ሚስቱን ከበሽታ የሚጠብቅበትን ዕድል ነው የተነጠቀው።

እንግዲህ በእኔ አስተያየት መለኪያው ይህ ነው፦ ሰሚው በወሬው ሊያደርግበት የሚችለው ነገር አለ ወይስ የለም? ከሌለ፣ ጊዜና ቦታ መምረጥ ደግነት ነው። ካለ ግን ዝምታው ርኅራኄ መሆኑ ቀርቶ የሌላውን ሰው ውሳኔ መንጠቅ ይሆናል። «የተረጋገጠ ማስረጃ የለም» ማለትም ከዚህ ነጻ አያወጣም። ማስረጃው እስኪሞላ መጠበቅ የሳይንቲስት ወግ ነው፤ መርፌው እጁ ላይ ያለ ሰው ግን ጥርጣሬውንም የማወቅ መብት አለው።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኮንሰንትሬቱ በሙቀትና በሌሎች ዘዴዎች ከቫይረስ ይጸዳል፤ ከ1992 ጀምሮም ከሰው ፕላዝማ የማይወጣ ፋክተር ስምንት በሥራ ላይ ውሏል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ ሲወስድ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበትን ሰው ለማዳንም አራት ፋክተሮችን የያዘ ኮንሰንትሬት ይሰጣል። ሕይወት ያድናል። ግን ደም የሚያረጋ መድኃኒት ባልተፈለገ ቦታም ሊያረጋ ይችላል፤ በሳንባ ወይም በአንጎል የደም ሥር። ሕመምተኛው ራሱን ስቶ ከሆነ ሐኪሙ በሩ ላይ ለቆመችው ልጁ ይህን በአጭር ቃል ሊነግራት ይገባል፤ ጊዜ ከሌለም መድኃኒቱን ሰጥቶ ወዲያው ይንገራት። አባቷ ሲነቃም «እንዳይሰማ» የሚል ዘመድ ቢኖር፣ ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰነው በአባቷ ሰውነት ላይ መሆኑን ያስታውሰው። ለመርዶ ጎህ ይጠበቅለታል። ገና ልንርቀው የምንችለው አደጋ ግን በሌሊትም ቢሆን ይነገራል።