አደብ የማን ድርሻ ነው?

አንድ ወዳጄ ልጁን ያስገባበት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ «የምከፍለው ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ ነው፤ አደብ የኔ ድርሻ ነው» ብሎ ተናገረ። ርእሰ መምህሩም «ሥነ ምግባር እንደምናስተምር ቅጹ ላይ ተጽፏል፤ እርስዎም ፈርመዋል» አሉት።

እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቫ ላይ የተመሠረተውና ብዙዎቹ እነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚከተሉት ኢንተርናሽናል ባካሎሬት፣ ተማሪው ጠያቂ፣ አዛኝና አእምሮው ክፍት እንዲሆን እንደሚሻ አልደበቀም። ታዲያ ሙስሊም ወላጅ የሚጠላው የቱን ነው? እዝነትን ነውን? አእምሮው ክፍት ይሁን ሲልም የሌላውን ባህል ብቻ ሳይሆን የራስንም መርምሮ ማክበርን ጨምሮ ነው።

የወዳጄ ልጅ ግን ስለ ጃፓኖች ልማድ በአክብሮት ስታስረዳ፣ አያቷ ጓደኞቿ ፊት በአማርኛ ሲያናግሯት ታፍራለች። ትምህርት ቤቱ አያቷን አያውቃቸውም፤ አባቷ ያውቃቸዋል። ቅዳሜና እሁድን ለአስጠኚ ሰጥቶ ከእሳቸው ጋር የምትቀመጥበትን ሰዓት የወሰደባት ማን ሆነና! አማናውን ከነክፍያው አስረክቦ ሲያበቃ በስብሰባ መካከል «የኔ ድርሻ» ማለት በምን አንደበት ነው?

«በዚህ ሳምንት ከልጅህ ጋር ስንት ሰዓት ተቀመጥክ?» ብዬ ጠየቅሁት። ሊያስብ ጥቂት ዝም አለ፤ ከዚያ ልጅቱን ከአስጠኚዋ ቤት ሊያመጣ ተነሣ።