ቤት ስንገዛ ደላላውንም ራሳችንንም እንመርምር





ደላላን መራገም ቀላል ነው። ሻይ ቤት ተቀምጦ ስለ ደላላ ክፉ የሚናገር ሰው አድማጭ አያጣም፤ የገዛም የሸጠም፣ የተከራየም ያከራየም የየራሱ ቁስል አለውና። እኔም ብዕሬን ሳነሳ ሐሳቤ ይኸው ነበር። ነገር ግን የደረሰብኝን ደጋግሜ ሳመዛዝነው፣ ከደላላው ጥፋት ይልቅ የገዢው፣ ማለትም የእኔው ጉዳይ ከብዶ ታየኝ።

የምኖረው ሰርዶ ነው፤ ከሰመራ ወደ ጋላፊ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ የአፍዴራ መንገድ ከሚገነጠልበት ስፍራ። ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ተወላጅ ባልሆንም ሃያ ዓመት ስለተቀመጥኩ አፋርኛ እሰማለሁ፣ እናገራለሁም። በ2017 ዓ.ም ከዐረፋ በዓል በኋላ፣ ልጆቼ ለትምህርት የሚያርፉበት ቤት ልገዛ ወደ አዋሽ ሰባት ወረድኩ። አንድ ደላላ ተቀበለኝ። ከመጀመሪያው ሰላምታ ጀምሮ «ሐጂ» ይለኛል። ሐጅ አላደረግኩም፤ ለገዢ ሁሉ የሚሰጠው ማዕረግ መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ከመስከረም ጀምሮ የአዋሽ ፈንታሌና የአካባቢው መሬት ሲንቀጠቀጥ እንደከረመ፣ በታኅሣሥም መጠኑ ከ5 ያለፈ መንቀጥቀጥ ደርሶ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሰው ከቀዬው እንደተነሳ አንባቢ ያስታውሳል። ለሰርዶ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከተማችን በመጋቢት 1961 ዓ.ም በመሬት መንቀጥቀጥ ፈራርሳ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተውባታል። ያንን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ አባቶች ዛሬም ወደ አንድ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት የመስኮትና የበር ማዕዘን ነው። መሬት ግድግዳን ወደ ጎን ሲገፋው የብሎኬት ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል። ስንጥቁን በልስን መሸፈን ይቻላል፤ ልስን ግን ይሸፍናል እንጂ የተለያየውን ብሎኬት አያያይዝም። በሚቀጥለው መንቀጥቀጥ ግድግዳው በዚያው መስመር ይለያያል፤ ከሥሩ የተኛ ልጅ ካለም በላዩ ይወድቅበታል።

የታየኝ ቤት አራት ግድግዳ ነበረው። ሦስቱ አሮጌ ቀለም፣ አንዱ አዲስ ልስን። «ይሄኛው ለምን ብቻውን ታደሰ?» አልኩት። «ሐጂ፣ ዝናብ መትቶት ነው፤ ወላሂ ሌላ ነገር የለውም» አለ። ወላሂ ሲል ልቤ ቀዘቀዘ። ከሰሓባዎች አንዱ ቀይስ ኢብን አቢ ገረዛ (ረ.ዐ) በመዲና ገበያ ደላሎች ተብለው ይጠሩ እንደነበር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ከዚያ በተሻለ ስም ነጋዴዎች ብለው እንደጠሯቸው፣ ንግድ ከንቱ ወሬና መሐላ ስለማያጣው በሰደቃ ቀላቅሉት ብለው እንደመከሯቸው ተናግሯል፤ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። እንግዲህ ሥራው ራሱ ነውር አይደለም። ቡኻሪም በሰሒሓቸው ስለ ደላላ ዋጋ በከፈቱት ምዕራፍ፣ ኢብን ሲሪን፣ ዐጣእ፣ ኢብራሂምና ሐሰን ችግር የለውም ማለታቸውን አስፍረዋል። ፈላጊንና ተፈላጊን አገናኝቶ በላቡ የሚበላ ሰው ገቢው ሐላል ነው። መሐላው ነው የሚያስፈራው።

ደላላው «ባለቤቱ አማርኛ አይሰማም፤ ከእሱ ጋር ምንም አትነጋገር፤ እኔ አለሁልህ» አለኝ። አፋርኛ እንደምሰማ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ዋጋው 1,300,000 ብር ነው አለ። በማግስቱ በአንድ ሻይ ቤት ከባለቤቱ ጋር አስቀመጠን። ከገጠር የመጡ የግመል ባለቤት፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ደላላው ስልክ ሊያነጋግር ወጣ።

አፋርን የሚያውቅ ቀጥሎ የሆነውን ይገምታል። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ዳጉ አለ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናቡስ፣ ግጦሹስ፣ ሰላሙስ ይባባላሉ፤ የሚነገረውም ያዩትና የሰሙት እንጂ የፈጠሩት አይደለም፤ በዳጉ የዋሸ ሰው በጎሳው ዘንድ ቃሉ ይወድቃል። በአፋርኛ ሰላም ስላቸው ፊታቸው በራ። «አባ፣ ዳጉ?» አልኳቸው። ሽማግሌው ሁሉንም ነገሩኝ። ቤቱ የሟች ወንድማቸው ነው፤ ወንድማቸው ሦስት የቲሞች ትቷል፤ እሳቸው አጎትም ጠባቂም ናቸው። በታኅሣሡ መንቀጥቀጥ አንዱ ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ወለሉ ተሰነጠቀ፤ ደላላው «እኔ ከኪሴ አስለስንልሃለሁ፤ ሲሸጥ ትመልስልኛለህ» አላቸው። ገዢው ደግሞ 950,000 ብር ሊሰጥ ተስማምቷል ብሏቸዋል። ገዢው እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ በልቤ የመጣው ንዴት አልነበረም፤ ሒሳብ ነበር። ከደላላው ጀርባ ሄጄ ከሽማግሌው በ950,000 ብገዛ 350,000 ብር አተርፋለሁ፤ ግድግዳውን አፍርሼ ባሠራውም ይተርፈኛል። ሌባን ማታለል ኃጢአት አይመስልም። ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳኝ ግን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ የዘገቡት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ነው፤ ላመነህ አማናውን መልስ፣ የከዳህንም አንተ አትክዳው የሚል መልእክት ያለው። ደላላው አገናኝቶኛል። የለፋበት ዋጋ፣ በከተማው ልማድ ከመቶ ሁለት፣ በሌላው ጥፋቱ ምክንያት አይሰረዝበትም። የእሱ ክህደት ለእኔ ፈቃድ አይሆነኝም።

በማግስቱ ደላላውን ለብቻው ያዝኩት፤ በሰው ፊት አላዋረድኩትም። የልስኑንም የዋጋውንም ነገር ነገርኩት። አልካደም። «ሽማግሌው ይህን ያህል ስጠኝ ብሎኛል፤ ከዚያ በላይ ያለው የእኔ ነው፤ ይሄ በሸሪዓም ይፈቀዳል» አለ። ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ) ይህን ልብስ ሽጥ፣ ከዚህ በላይ ያወጣው ያንተ ይሁን ማለት ችግር የለውም ማለታቸው እዚያው ቡኻሪ ላይ ሰፍሯል። ነገር ግን እዚያ የዕቃው ባለቤት አውቆና ወዶ ነው የሚናገረው። እዚህ ሽማግሌው ገበያውን አያውቁም፤ ተስማማ የተባለው ዋጋ ሐሰት ነው፤ የሚጎድለውም ከየቲም ገንዘብ ነው። የየቲምን ገንዘብ በግፍ የሚበሉት በሆዳቸው እሳት እንደሚበሉ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ አስጠንቅቋል። ደግሞም ያው ኢብን ዐባስ ናቸው፣ ከተሜው ለበረሃው ሰው እንዳይሸጥ የተከለከለውን ሲያስተላልፉ ትርጉሙን ተጠይቀው ደላላ አይሁንበት ማለት ነው ብለው የመለሱት። ዑለማዎች በክልከላው ወሰን ላይ ቢለያዩም፣ ገበያውን የማያውቅን የበረሃ ሰው አለማወቁን መነገጃ ማድረግ እንደማይገባ ማንም አይስተውም። ያልኩትን ሰምቶ ሲያበቃ «ሥራዬን አበላሸህብኝ» ብሎ ተነስቶ ሄደ።

ለሽማግሌውም የተጠየቅኩትን ዋጋ ነገርኳቸው። የየቲም ቤት በአጎት ቃል ብቻ እንደማይሸጥ፣ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄደው ሞግዚትነታቸውን እንዲያስመዘግቡና ፈቃድ እንዲጠይቁ መከርኳቸው። ውሉም ደላላው እንዳሰበው በተራ ወረቀትና በጓደኞቹ ምስክርነት የሚያልቅ አልነበረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን (ቁጥር 2877)፣ ውሉም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ (ቁጥር 1723) ይጠይቃል። እኛ ሙስሊሞች ለዚህ የሕግ ቁጥር እንኳ ባልጠበቅን ነበር፤ የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ መጻፍና ስለ ምስክር ነው።

ከዚህ በኋላ ቤቱን ተውኩት፤ ወደ ሰርዶ ተመለስኩ። ራሴን አዳንኩ፣ ነገሩም አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓረብ አገር ሠርታ የተመለሰች አንዲት እህት ያንኑ ቤት በዚያው ደላላ በኩል ልትገዛ መሆኑን ሰማሁ። በሰው ቤት ጉልበቷን ከፍላ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነው። አምስት ቀን ዝም አልኩ። ለምን ብባል «ሐሜት እንዳይሆንብኝ» እል ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን ሐሜት ፈርቼ አልነበረም፤ ጠላት ማፍራት ፈርቼ ነው። ሃይማኖትን ለፍርሃት መሸፈኛ ማድረግ ግድግዳን ከመለሰን ብዙም አይለይም።

ዝምታዬን የሰበረው የዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው፤ ኢማም አሕመድና ሌሎች ዘግበውታል። አንድ ሰው ግመል ገዝቶ ሲወጣ ዋሲላ ልብሳቸውን እየጎተቱ ተከተሉት። ነውሯን ነግረውሃል ወይ፣ ለሥጋ ነው ለመንገድ የገዛሃት ብለው ጠየቁት። ለሐጅ መንገድ ነው ሲላቸው ሰኮናዋ የተበሳ መሆኑን ገለጹለት። ባለ ግመሉ ሽያጬን አበላሸህብኝ ብሎ ተቆጣ፤ ልክ እንደ እኔው ደላላ። ዋሲላም ነውርን ሳይገልጹ መሸጥ እንደማይፈቀድ፣ ነውሩን የሚያውቅ ሰውም ሳይናገር መቅረት እንደማይፈቀድለት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ተናገሩ። ዋሲላ ሻጭ አልነበሩም፣ ገዢም አልነበሩም፣ ደላላም አልነበሩም። ያወቁ ሰው ብቻ ናቸው። ይህን ታሪክ ለሰርዶ ግመለኞች ብነግራቸው «ታዲያ ዳጉ ማለት ይኸው አይደል?» እንደሚሉኝ አልጠራጠርም።

የሐሜቱ ጥያቄም መልስ አለው። ኢማም ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ሰውን በሌለበት መጥቀስ የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ አንዱ ሙስሊሞችን ከጉዳት ማስጠንቀቅ ነው። ፋጢማ ቢንት ቀይስ (ረ.ዐ) ስለጠየቋት ሁለት ሰዎች ባማከረች ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የእያንዳንዱን ጉድለት በግልጽ ነግረዋታል። የተፈቀደው ግን ለጉዳዩ የሚበቃው ያህል ነው። ስለዚህ ደውዬ ለእህቲቱ «ስለ ሰውዬው አልነግርሽም፤ ስለ ግድግዳው ልንገርሽ። ግንበኛ ወስደሽ አዲሱን ልስን አስፍቂው» አልኳት። ስሙን አላነሳሁም፤ በየሻይ ቤቱም አልዞርኩበትም። እዚህም ጋዜጣ ላይ ስሙን የማትፈልጉት ለዚህ ነው።

አስፋቀችው፤ ስንጥቁ ወጣ። ድርድሩ በሽማግሌውና በእሷ መካከል ፊት ለፊት ሆነ። በፍርድ ቤት ፈቃድ፣ በጽሑፍ፣ በ880,000 ብር ገዛችው፤ ግድግዳውንም አፍርሳ አሠራችው። አንባቢ ልብ ካለ፣ የቲሞቹ ያገኙት ደላላው ለአጎታቸው ከነገረው በ70,000 ያነሰ ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። እውነት መናገሬ ከየቲም እጅ ገንዘብ አጎደለ ወይ ብዬ አንድ ሼኽ ጠየቅኳቸው። «ያ 70,000 መች የእነሱ ነበር? የተሰነጠቀ ግድግዳ ዋጋ ነው» አሉኝ፤ ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ከገለጹ በንግዳቸው በረካ እንደሚያገኙ፣ ከደበቁ ግን በረካው እንደሚጠፋ ሐኪም ኢብን ሒዛም (ረ.ዐ) ያስተላለፉትን ሐዲስም አስታወሱኝ። ተቀብያለሁ። ግን የልጆቹን አጎት ሰመራ ገበያ ባገኘኋቸው ቁጥር፣ ሰላም ከማለቴ በፊት ያ ቁጥር ይመጣብኛል።

ደላላው ከሁለቱም ወገን ከመቶ ሁለቱን ተቀብሏል፤ እህቲቱ እንዳትቀንስበት ለምኜአት ነበር። ባለፈው ጊዜ አዋሽ ለጁሙዓ በአንድ ሰፍ ቆምን። ስንወጣ ሰላምታዬን መለሰ፤ እጁን ግን አልሰጠኝም። «ሐጂ» ማለቱንም ትቷል።