በሊጡ ውስጥ የተሰወረ እርሾ



በሉማሜና በአካባቢዋ ድፎ ዳቦ የምትጋግር እናት ከሊጧ ጥቂት እርሾ ታስቀራለች፤ ያለቀባት እንደ ሆነ ከጎረቤት ትለምናለች። የስንዴውን ዱቄት በእርሾው አቡክታ፣ ከምድጃው አጠገብ ከድና ታሳድረዋለች። ሌሊቱ ከበረደ ቡሆው ይዘገያል፤ እርስዋ ግን ትጠብቃለች እንጂ አትጥለውም። ኩፍ ሲል በኮባ ቅጠል ትደፋዋለች፤ እሳቱም ከሥርም ከላይም ነው።

ጌታችን በማቴዎስ 13፥33 የመንግሥተ ሰማያትን ምሳሌ የወሰደው ከእንዲህ ያለች ሴት እጅ ነው። ሦስቱ መስፈሪያ ዱቄት ወደ 40 ሊትር ይጠጋል፤ ይህ የድግስ እንጂ የአንድ ቤት እራት አይደለም። እርሾው ግን ጥቂት ነው፤ በሊጡም ውስጥ ተሰውሮ አይታይም።

ሦስትና አራት ሕፃናት ብቻ በመጡበት እሑድ ትምህርቱን ለማጠፍ እንፈተናለን። ከሱቅ የሚገዛው የፋብሪካ እርሾ በጥቂት ሰዓት ሊጡን ያነሣል፤ የሰው ልብ ግን በምድጃው ዳር እንዳደረው ቡሆ ነው። ሳይደርስ የተጋገረውን ዳቦማ ማን ይቈርሰዋል?

ሌላም ጥያቄ አለን። ነገ በእኛ ቦታ ቆሞ የሚያስተምረውን ወጣት ከወዲሁ ለይተናልን? እርሾ ሳናስቀር ሊጡን ሁሉ ከጋገርን፣ የማንን ደጅ ልናንኳኳ ነው?