በሩን የዘጋነው እኛ ነን፦ ስለ ድመት ዓይን



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዉድበሪ ውስጥ ድመት የምታሳድጉ ወጣቶች ይህን ክርክር ታውቁታላችሁ። የድመቷ ዓይን ይቀላል፣ ያለቅሳል። እናንተ «ሐኪም ቤት እንውሰዳት» ትላላችሁ። እናታችሁ ደግሞ «ለድመት ደግሞ ሐኪም! ራሷ ትድናለች» ይላሉ።

ይህን የሚሉት ጨክነው አይደለም። በወሎም ሆነ በአዲስ አበባ ሰፈሮች እሳቸው የሚያውቋት ድመት በር አይዘጋባትም። አይጥ ትይዛለች፣ በጎረቤት ጓሮ ትውላለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች። እዚህ ግን የሚኒሶታ በረዶ ስላለ ድመታችን ዓመቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ናት። የምትበላው የሰጠናትን ነው፣ የምትሄደውም በፈቀድንላት ክፍል ብቻ ነው።

በድመት ምክንያት የተቀጣችውን ሴት ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ብዙ ጊዜ «አላበላቻትም» የሚለው ላይ እንቆማለን። ሐዲሱ ግን ሌላም ነገር ይጨምራል፤ ከምድር ላይ የምታገኘውን እንድትበላም አልለቀቀቻትም። በሩን የዘጋ ሰው የድመቷን ጉዳይ ሁሉ በራሱ ላይ ወስዷል ማለት ነው። እኔ መሐንዲስ እንጂ ዓሊም አይደለሁም፤ ዝርዝሩን ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። ግን ፉቀሃዎች የእንስሳ ቀለብ በባለቤቱ ላይ ግዴታ መሆኑን፣ ያልቻለም ለሚችል ሰው ማሳለፍ እንዳለበት ጽፈዋል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነቢያችን (ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) ዓይኑ እንባ ያፈሰሰ ግመል አይተው ጠጋ ብለው ዳበሱት፤ ከዚያም ባለቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቁ። እንባውን አይተው አላለፉትም።

ወደ ዓይኑ እንምጣ። የድመትን ዓይን አብዝቶ የሚያስቀላው የድመት ኸርፐስ ቫይረስ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም። አንዴ የያዛት ድመት ግን ዕድሜ ልኳን ይዛው ትኖራለች፤ ቤት ስትቀይሩ ወይም ሌላ ድመት ስታመጡባት ይነሳባታል። ሌላው ምክንያት ክላሚዲያ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ስሙን በጤና ክፍለ ጊዜ በሌላ ጉዳይ ሰምታችሁት ይሆናል፤ የድመቷ ግን ዝርያው የተለየ ነው። የዚሁ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ ነው በአገራችን ሰዎችን በትራኮማ የሚያሳውረው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ሲደጋገም የዓይን ቆብ ጠባሳ ይይዝና ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱም በተርገበገበ ቁጥር ዓይኑን ይፍቃል። ስንት አያት ሽፋሽፍቷን በወረንጦ እየነቀለች ኖራለች! ድመትም፣ በተለይ ፊተ ጠፍጣፋዋ የፐርሺያ ድመት፣ ቆቧ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጸጉሯ ዓይኗን እንዲሁ ይፍቀዋል። ስለዚህ ከእናታችሁ ጋር ስትነጋገሩ «እናንተ አታውቁም» ብላችሁ አትጀምሩ። ስለ ወረንጦው ጠይቋቸው። የዓይን ሕመም ምን እንደሆነ ከእናንተ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

በየቤታችን ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ የቴትራሳይክሊን ቅባት አይጠፋም። መጥፎ መድኃኒት አይደለም፤ ግን ሳትመረመር አትቀቧት። ከሱ የሚከፋው ኮርቲዞን ያለበት የሰው ጠብታ ነው፤ የዓይኗ መስታወት ላይ ቁስል ካለ ሊያባብሰው፣ እስከ መበሳትም ሊያደርሰው ይችላል። ታይሌኖል ደግሞ ድመትን ይገድላል። ትንሹም ቢሆን አይሰጣት።

እኔን እንደ መሐንዲስ የሚያስጨንቀኝ ግን ድምፅ የማያሰማው ብልሽት ነው። ስርዓቱ መጠባበቂያ ካለው፣ አንዱ ክፍል ሲሞት ሌላው ይሸፍንለታል፤ ማንም አያውቅም። ድመትም ዓይኗ ሲደክም በጢሟ፣ በጆሮዋና በትዝታዋ ትሄዳለች፤ ሶፋው ከቦታው እስኪነሳ ድረስ ማየት ማቆሟን ላታውቁ ትችላላችሁ። ያረጁ ድመቶች ኩላሊታቸው ሲታመም ወይም የታይሮይድ ዕጢያቸው ከልክ በላይ ሲሠራ የደም ግፊታቸው ይጨምራል። ከዓይን ኋላ ያለው ሬቲና ይላቀቅና በአንድ ጀንበር ይታወራሉ። የሚታከሙት በአምሎዲፒን ነው፤ ብዙ አባቶቻችን የሚውጡት ያው መድኃኒት። (ከአባባ ብልቃጥ ግን አትቁረሱ፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።) በቶሎ ከተደረሰላት እይታዋ የሚመለስበት ጊዜ አለ። የውሻ ምግብ ብቻ የምትበላ ድመትም ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ያጥራትና ሬቲናዋ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ይህ በ1970ዎቹ በጥናት ተረጋግጧል።

ገንዘቡስ? የእንስሳት ሕክምና እዚህ ውድ ነው፤ ለአያት መድኃኒት ከሚላከው ላይ ይቀነስ የሚል ሰው የለም። ከማምጣታችሁ በፊት ግን ይህን ወጪ አስቡት፤ ጫማና ጌም የምንገዛበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ እናውቃለን። ሐኪሙን ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማፈር አያስፈልግም። ከዉድበሪ በ94 ወደ ምዕራብ ስትነዱ በሴይንት ፖል የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሆስፒታል አለ፤ የዓይን ሐኪሞችም አሉት። ታውራ ብትቀርም ከቤት አታስወጧት። ዕቃውን ከቦታው አታንቀሳቅሱ፣ ምግቧና አሸዋዋ አንድ ቦታ ይሁን፤ ደህና ትኖራለች።

ዓይኗን ከጨፈነች፣ ከደፈረሰ፣ በብርሃን ውስጥ ብሌኗ ሰፍቶ ከቀረ ወይም ግድግዳ ከገጨች ለነገ አታሳድሩት፤ በዚያው ቀን ውሰዷት። እስክትደርሱ ፈሳሹን ለብ ባለ ውሃ በራሰ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉላት፤ ለእያንዳንዱ ዓይን የተለየ ጨርቅ ያዙ፤ ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።