አንድም ወባ፣ አንድም ተስቦ

የሰው ልጅ ለፍጥረት ስም ሲያወጣ በፍጥረቱ ውስጥ ያለውን ልዩነት ይገልጣልን ወይስ ለራሱ ኑሮ የሚመቸውን ወሰን ያሰምራል የሚለው ጥንታዊ ጥያቄ፣ በዓይን ከማይታዩት ረቂቅ ተሕዋስያን ዘንድ ሲደርስ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ይሆናል። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚናገረው እንስሳቱ አስቀድመው በአዳም ፊት ቀረቡ፤ ስሙም ከዚያ በኋላ ወጣ። የባክቴሪያ ምደባም የሚጀምረው ከማየት ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1884 ባወጣው የማቅለሚያ ዘዴ፣ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ባክቴሪያዎች ሐምራዊውን ቀለም ይዘው ሲቀሩ ግራም ፖዘቲቭ ይባላሉ፤ ግድግዳቸው ስስ የሆነው ደግሞ ቀለሙን በአልኮል ስለሚለቁ ግራም ኔጌቲቭ ይባላሉ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ግን ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ለዚህ ዘዴ በወጉ አይገዛም።

ስሙ ከፍጥረቱ ብቻ የማይቀዳበትም ጊዜ አለ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ በዘር ውርሱ ሲመረመር ከኢ. ኮላይ ዝርያ የማይለይ ሆኖ ሳለ፣ የተለየ ስሙ የተጠበቀለት በሕክምናው ላይ ግራ መጋባት እንዳይፈጠር ነው። ይህን እንደ ሐሰት መቁጠር አይገባም፤ ስሙ ለታማሚው ሲባል የቆመ ወሰን ነውና።

አንድ ስም ብዙ ፍጥረትን የሚሸፍንበትም ጊዜ አለ። ተስቦ የሚለው የቆየ ስም በሐኪም ዘንድ ሲተነተን ከአንድ በላይ ባክቴሪያ ይሸፍናል፦ በሰውነት ቅማል የሚተላለፈው የታይፈስ ሪኬትሲያ አለ፣ በተበከለ ውኃና ምግብ የሚገባው የታይፎይድ ሳልሞኔላም አለ። በቀድሞ ዘመን በአሞሌ ጨው ገበያዋ የታወቀችው፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ያለችው ይፋግም ለዚህ የስም ጥያቄ ሩቅ አይደለችም። እርሷ በምትገኝበት በሊቦ ከምከም ወረዳ በ1997 ዓ.ም. ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት እየከሱ ሲሞቱ፣ በሽታው መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ተወሰደ። በኋላ ግን እስከዚያ ድረስ ይበልጡን የመተማና የሑመራ ቆላ በሽታ ሆኖ ይታወቅ የነበረው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ወባንም ካላዛርንም የሚያመጡት ፕሮቶዞዋ፣ ማለትም ከባክቴሪያ በተለየ አስኳል ያላቸው ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስያን ናቸው፤ ሆኖም ካላዛርን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፣ የወባ መድኃኒትም አይፈውሰውም። የታወቀው ስም ያልታየውን ፍጥረት ሸፍኖት ቆየ፤ የዚህም ዋጋ በሰው ነፍስ ተከፈለ።

የጎንደር የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት አንዱን ቃል ሲያብራሩ «አንድም» እያሉ ትርጓሜ በትርጓሜ ላይ ያስከትላሉ፤ ኋለኛውም ፊተኛውን አይሽረውም። ትኩሳት ባደከመው ሰው ፊት የቆመ ሐኪምም አንድም ወባ፣ አንድም ታይፎይድ፣ አንድም ካላዛር፣ አንድም ቦረሊያ በተባለ ጠምዛዛ ባክቴሪያ የሚመጣው አገርሺ ትኩሳት ነው ብሎ መጀመር ይገባዋል። ነገር ግን የመጽሐፍ ቃል ብዙ ምሥጢር በአንድነት ሲሸከም፣ መድኃኒት መምረጥን ይጠይቃል። ጊምሳ በተባለ ማቅለሚያ የቀለመ አንድ ጠብታ ደም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ የተሸሸገውን የወባ ተሕዋስ፣ ወይም በሕዋሳቱ መካከል የተጠማዘዘውን ቦረሊያ ሊያሳይ ይችላል፤ የካላዛሩ ግን በአብዛኛው በጣፊያ ወይም በአጥንት መቅኔ ይፈለጋል። ቦረሊያን ፔኒሲሊን ይገድለዋል፤ ሆኖም ተሕዋሱ በጅምላ ሲሞት የታማሚው ትኩሳት በሰዓታት ውስጥ ሊያሻቅብ፣ የደም ግፊቱም ሊወድቅ ስለሚችል፣ የበሽታውን ስም በትክክል ያወቀ ባለሙያ መርፌውን ከወጋ በኋላ ከአልጋው አጠገብ አይርቅም።