ፈቃድ የሌለበት ግብር፣ ፈቃድ የሌለበት ትግል

ባልተወከሉበት ሸንጎ የተወሰነን ግብር መክፈል ባርነትን መቀበል ነው የሚለው ክርክር፣ ከ1760ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንሥቶ በሰሜን አሜሪካ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ የትግል መፈክር ሆኖ ተስተጋብቷል። ስለዚህ ትግል ብዙ ተጽፏል፤ የሚበዛውም ውዳሴ ነው። እኛ ልናነሣው የምንሻው ግን ውዳሴው የሚያልፈውን አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም «ያለ ፈቃዴ አልገዛም» ብሎ የተነሣ ሕዝብ፣ በትግሉ ጎዳና ላይ የሌላውን ፈቃድ ሳይጠይቅ ማስገደድ ይገባዋልን? የሚል ነው።

የነገሩ መነሻ በአጭሩ ይህ ነው። በ1763 ያበቃው የሰባት ዓመት ጦርነት እንግሊዝን የሰፊ ግዛት ባለቤት ቢያደርጋትም፣ ወደ 130 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ዕዳ አሸክሟት ነበር። የለንደን ገዥዎችም በአሜሪካ ለሚያቆሙት ሠራዊት ከሚያስፈልገው ወጪ ከፊሉን ከቅኝ ግዛቶቹ ለመሰብሰብ ቆረጡ። የ1764ቱ የስኳር ሕግ በውጭ አገር ሞላሰስ ላይ የነበረውን ቀረጥ በጋሎን ከ6 ፔንስ ወደ 3 ፔንስ ዝቅ ቢያደርግም ቁጥጥሩን አጠበቀ። በ1765 የወጣው የቴምብር ሕግ ከፍርድ ቤት ሰነድና ከጋዜጣ እስከ መጫወቻ ካርታ ድረስ ግብር ጣለ። ተቃውሞው በርትቶ ሕጉ በ1766 ሲሻር፣ ፓርላማው በቅኝ ግዛቶቹ ላይ በማናቸውም ጉዳይ ሕግ የማውጣት ሥልጣን እንዳለው በዚያው ጊዜ አወጀ። በ1767ም በመስታወት፣ በእርሳስ ማዕድን፣ በቀለም፣ በወረቀትና በሻይ ላይ አዲስ ቀረጥ መጣ።

ከእነዚህ ውስጥ ሳይነሣ የቀረው የሻይ ቀረጥ ነው። የ1773ቱ የሻይ ሕግ ዋጋውን የሚያረክስ ሆኖ ሳለ፣ የቦስተን ሰዎች በዲሴምበር 16 ሌሊት 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ጣሉ። በኮንትሮባንድ ሻይ ያተርፉ የነበሩ ነጋዴዎች ጥቅማቸው በመነካቱ መነሣሣታቸው አይካድም። ነገር ግን ርካሹን ሻይ አልጠጣም ያለው ተራ ሰው በኪሱ ሂሳብ ብቻ ሊገለጽ አይችልም፤ ቀረጡን መክፈል መብቱን በገዛ እጁ ፈርሞ መስጠት መስሎ ታይቶታልና።

የትግሉ ዋነኛ መሣሪያ የእንግሊዝን ሸቀጥ ያለማስገባት አድማ ነበር። የቦስተን ነጋዴዎች በ1768 ተስማሙ፤ ኒው ዮርክና ፊላደልፊያም ተከተሉ። ይሁን እንጂ አንዱ እየጾመ ሌላው የሚበላበት አድማ ውሎ አያድርም። ስለዚህም ያልፈረሙትና ውሉን ያፈረሱት ሰዎች ስም በጋዜጣ እየወጣ የአገር ጠላት ተባሉ፤ ሱቃቸውም ተከበበ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ቴዎፍሎስ ሊሊ የተባለ የቦስተን ባለ ሱቅ፣ በ1770 መጀመሪያ ላይ በጋዜጣ ባወጣው ጽሑፍ አንድ የሚቆረቁር ነገር ተናገረ። ፈቃዳችንን ላልሰጠንበት ሕግ አንገዛም የሚሉ ሰዎች፣ እኔ በአካልም ሆነ በወኪል ያልተስማማሁበትን ሕግ አውጥተው እንዴት በላዬ ያስፈጽማሉ? የማላውቃቸው መቶ ጌቶች ከሚገዙኝ የማውቀው አንድ ጌታ ቢገዛኝ ይሻለኛል አለ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ 22፣ በሱቁ ደጃፍ በተነሣው ረብሻ ሳቢያ፣ የጉምሩክ ጠቋሚ የነበረው ኤቤኔዘር ሪቻርድሰን ከቤቱ መስኮት ተኩሶ ክሪስቶፈር ሳይደር የተባለውን 11 ዓመት ገደማ የሆነውን ልጅ ገደለ።

ሊሊን አድኃሪ ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ክርክሩ ግን በስድብ አይፈርስም። በእኛ አስተያየት ግማሹ ስሕተት፣ ግማሹ እውነት ነው። ጎረቤቶቹ ሱቃቸውን ባዶ አድርገው በተቀመጡበት ወቅት የሚነግድ ሰው የእነርሱን መሥዋዕትነት ጭምር ይሸጣል፤ ስለዚህ ከእርሱ አለመግዛት፣ ስሙንም በአደባባይ መጥራት የእነርሱ ነፃነት ነው። መስኮቱን መስበርና በዛቻ ማስማል ግን ከዚህ ወሰን ያልፋል። የራስን ሳንቲም መንፈግ አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ደኅንነት መንጠቅ ሌላ ነው። ትግሉ ራሱም ይህን የተረዳ ይመስላል። በ1774 የተሰበሰበው የአህጉሩ ኮንግረስ አድማውን የሚቆጣጠሩ ኮሚቴዎች በየአውራጃውና በየከተማው በመራጮች እንዲመረጡ፣ ቅጣቱም ስም ማውጣትና ግንኙነት ማቋረጥ እንዲሆን ደነገገ። አስገዳጁም ተጠያቂ ሆነ ማለት ነው።

ተጠያቂነቱ ግን ለማን ነበር? መራጩ በአብዛኛው ንብረት ያለው ወንድ ነበር። ከቅኝ ግዛቶቹ ሕዝብ ከአምስቱ አንድ ያህሉ አፍሪካዊ ዘር ሲሆን፣ የሚበዛው በባርነት የተያዘ ነበር። በ1773 ፊሊክስ ሆልብሩክን ጨምሮ አራት የማሳቹሴትስ ባሮች ለሕዝብ ተወካዮች ባቀረቡት ደብዳቤ፣ ባሪያ አንሆንም ብለው በክብር ከቆሙ ሰዎች ትልቅ ነገር እንጠብቃለን አሉ። ነፃነታቸውን የሚሰጥ ሕግ አልወጣላቸውም። በ1780 ደግሞ ከአፍሪካ በባርነት የመጣ አባት ልጅ የሆነው ፖል ከፊ ከወንድሙ ከጆንና ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ድምፅ ሳይኖረን ግብር እንከፍላለን ሲል ለማሳቹሴትስ ሸንጎ አቤት አለ። በለንደን ላይ የተሰነዘረው ክርክር ለባለቤቱ ተመለሰ፤ አቤቱታው ግን አልተሰማም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ የቦስተን ሸንጎ ግን በገዛ ቁናው መሰፈርን እምቢ አለ።

ከዚህ ተነሥቶ መፈክሩ ከመጀመሪያውም ማታለያ ነበር የሚል አለ። እኛ አንስማማም። መርሁን ከአስመሳዮቹ ጋር አብረን ብንጥለው የከፊን ብቸኛ መሣሪያ ከእጁ መንጠቃችን ይሆናል። መርሁን በእውነት የያዘው በበላዩ ባለው ላይ ያነሣው ሁሉ ሳይሆን፣ ከበታቹ ያለው ሲያነሣበትም የሚሰማው ነው።

በስደት ተቀምጠን በሰፊው ሕዝብ ስም መግለጫ የምናወጣ፣ መዋጮ የምንሰበስብ፣ የአቋም ልዩነት ያለውን ጓድ የምናወግዝ እኛ ተማሪዎችም ከዚህ ፈተና ውጭ አይደለንም። ማን ወከላችሁ? የሚል ድምፅ ከመካከላችን ሲነሣ ጠያቂው ሊሊ ይሁን ከፊ አስቀድመን አናውቅም። ስለዚህ ጥያቄውን ከማውገዛችን በፊት እንመልሰው፤ መልስ ያጣንለት ቀን ግን ውክልናውን ለባለቤቱ እንመልስ።